የሽሊቭ ሉኽራ አሮጌ መንገዶችና መስቀለኛዎች

ሽሊቭ ሉኽራ በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ የኮርክ፣ የኬሪና የሊመሪክ አውራጃዎች በሚዋሰኑበት ከፍታ ላይ የሚገኝ የገጠር አካባቢ ነው። ወሰኑን የሚያሳይ መስመር በካርታ ላይ አይገኝም፤ ራሱን የቻለ የአስተዳደር ክልል ሆኖም አያውቅም። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ለአገሬው ሰው ጥያቄ ቢቀርብለት የራሱን መንደር መካከል አድርጎ መመለሱ አይቀርም። በጥቅሉ ሲታይ ግን የብላክዎተር ወንዝ ከሚመነጭበት ረግረጋማ ኮረብታ አንሥቶ ባሊዴዝመንድን፣ ኖክናግሪን፣ ራትሞርን፣ ግኒቭጊላንና ስካርታግሊንን ይዞ እስከ ካስልአይላንድ ከተማ ዳርቻ የሚዘልቀው አገር ነው።

በአየርላንድ ውስጥ ስሙ የሚነሣው ከሁሉ በፊት በቫዮሊንና በአኮርዲዮን ሙዚቃው ነው። መንገዶቹ ግን ከሙዚቃው ባልተናነሰ የአካባቢውን ታሪክ ይናገራሉ። ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በሌላ ሰው ፍላጎት የተቀየሱ ናቸው፦ አንዱ ቅቤ ወደ ወደብ ለማውጣት፣ ሌላው ወታደር ወደ ውስጥ ለማስገባት፣ ሌላው ደግሞ ለተራበ ሕዝብ የቀን ሥራ ለመስጠት። መንገዶቹ የሚቆራረጡበትን ቦታ ግን ነዋሪው ማንንም ሳያስፈቅድ የራሱ አደረገው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንገድ በፊት

መልክዓ ምድሩ ለመንገድ ሠሪ አይመችም። ኮረብታዎቹ ያን ያህል ከፍ ያሉ አይደሉም፤ አስቸጋሪው ውሃው ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል፤ መሬቱ ውሃውን አያሰርገውም። በሺህ ዓመታት ውስጥ በግማሽ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል እየተደራረበ ጥልቅና ጥቁር ረግረግ ሆኗል። ነዋሪው ይህን አፈር በበጋ በጡብ ቅርጽ እየቆረጠ ያደርቀውና ክረምቱን በምድጃ ያነደዋል። መንገድ የሚሠራ ሰው ግን መሠረት የሚያስይዝበት ጠንካራ ነገር አያገኝም።

ረግረግን በመንገድ መሻገር ለአየርላንድ አዲስ ነገር አልነበረም። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል፣ በሎንግፈርድ አውራጃ ኮርሊ በተባለ ቦታ በ1980ዎቹ የተቆፈረው የባሉጥ ሳንቃ መንገድ፣ የዛፎቹ የዕድሜ ቀለበት ተቆጥሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ148 ዓመት እንደተሠራ ታውቋል። ያ ግዙፍ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በራሱ ክብደት ወደ ረግረጉ ሰመጠ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጠናቀረ አንድ ጥንታዊ መዝገበ ቃላት ደግሞ መንገዶችን በስፋታቸው ይለያል። ትልቁ ሁለት ሠረገሎች ሳይነካኩ የሚተላለፉበት ነው፤ ለከብት የሚሆነው ደግሞ አንዲት ላም በቁመቷ፣ ሌላይቱ በአግድሟ ብትቆም የሚበቃ። በሽሊቭ ሉኽራ ለብዙ ዘመን ከዚህ ከኋለኛው የሚበልጥ መንገድ ብዙም አልነበረም። በበጋ ከብቶች ወደ ኮረብታው ለግጦሽ ይወጡበታል፣ ብርድ ሲመጣ ይወርዱበታል።

መንገድ ማጣት ለተሳዳጅ መሸሸጊያ ነበር። በእንግሊዟ ንግሥት በኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ላይ ያመፀው የዴዝመንድ መስፍን ጄራልድ ፊትዝጄራልድ ጦሩ ከተበተነ በኋላ ኑሮውን በእነዚህ ጫካዎችና ሸለቆዎች አድርጎ ከረመ፤ በመጨረሻም ኖቬምበር 11 ቀን 1583 በግላናጊንቲ ሸለቆ ተገደለ። የተደረሰበት ሁኔታ ልብ ይሏል፤ የንግሥቲቱ ሠራዊት መግቢያውን አግኝቶ አይደለም። ተከታዮቹ ከብት ዘርፈው ስለነበር ባለቤቶቹ ከጥቂት ወታደሮች ጋር ሆነው የከብቶቹን ዱካ እየተከተሉ ከተኛበት ጎጆ ደረሱ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታትም ርስታቸውን የተነጠቁ ቤተሰቦች ወደዚህ ተሰባሰቡ። በአየርላንድ ቋንቋ ከጻፉት ገጣሚዎች ዝናቸው እጅግ የገነነው ሁለቱ፣ ኤጋን ኦራሂሊና ኦወን ሩዋ ኦሱሊቫን፣ በግኒቭጊላ አካባቢ መወለዳቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ኦወን ሩዋ በ1748 ተወልዶ በ1784 እስኪሞት ድረስ አስተማሪ፣ ድንች ቆፋሪ የቀን ሠራተኛና በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኛ ሆኖ ኖሯል። የተወለደበት ዓመት የአካባቢው የመጀመሪያ ትልቅ መንገድ የተጀመረበትም ነው።

የቅቤ መንገድ

በ1748 ጆን መርፊ የተባለ የካስልአይላንድ ሰው ከኬሪ እስከ ኮርክ ከተማ የሚደርስ መንገድ ሊሠራ ተዋዋለ። በጊዜው በነበረው አሠራር መንገድ ሠሪው ወጪውን የሚያስመልሰው በየቦታው ኬላ አቁሞ ከአላፊ አግዳሚው ቀረጥ በመሰብሰብ ነበር። የመርፊ መንገድ በሚልስትሪት፣ በኦባንና በራይሌን አድርጎ የቦገራን ኮረብታዎች እየተሻገረ ወደ ኮርክ ይወርዳል። ሰው ሁሉ የሚጠራው የቅቤ መንገድ እያለ ነው፤ ዛሬም ስሙ አልተለወጠም።

ይህን መንገድ በእግር የሄደበት ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ቀጥ ማለቱን ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀያሾች ርቀትን እንጂ ዳገትን የሚፈሩ አልነበሩም። ከሚልስትሪት በስተ ደቡብ፣ በኦባን በኩል ያለው ክፍል ኮረብታውን ፊት ለፊት ይወጣዋል፣ በወዲያኛው በኩልም እንዲሁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ካርታ ላይ ሲታይ ያምራል። ፈረሱ ግን ካርታ አያነብም።

ቅቤው የሚያመራው ወደ ኮርክ ቅቤ ገበያ ነበር። የከተማዋ ነጋዴዎች ኮሚቴ በ1769 ተቋቁሞ በሻንደን ሠፈር ያደራጀው ይህ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ላይ ትልቁ የቅቤ ገበያ ሆነ። ጨው በደንብ የተደረገበት የኮርክ ቅቤ ሙቀት ስለሚችል በመርከብ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ፖርቱጋልና ብራዚል ይጓዝ ነበር። የሽሊቭ ሉኽራ ጭሰኛ ከላሞቹ የሚያገኘውን ቅቤ ራሱ አይበላውም፤ የሚበላው ድንች ነው። ቅቤው ተሸጦ ለባለርስቱ የመሬት ኪራይ ይከፈልበታል።

አንዲት የቅቤ በርሜል ያለፈችበትን እንመልከት። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ንጠው፣ አጥበው፣ ጨው አድርገው 25 ኪሎ ግራም ገደማ በሚይዝ ትንሽ የእንጨት በርሜል ይጠቀጥቁታል። ላም ጥቂት ያለው ቤት አንዱን በርሜል ለመሙላት ሳምንታት ስለሚወስድበት ከታች ያለው ቅቤና ከላይ ያለው ዕድሜያቸው ይለያያል። ጋሪ በአካባቢው ሳይለመድ በፊት ሁለት በርሜል በፈረስ ግራና ቀኝ ተጭኖ ይሄድ ነበር፤ በኋላ ጋሪ መጣ። ጭነኞቹ ለብቻቸው አይጓዙም። በመንገድ ሽፍታ ስላለ ተሰባስበው፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይሄዳሉ። የሚያድሩባቸው ቤቶች በመንገዱ ዳር የታወቁ ናቸው። አስፈሪው ጉዞ መሄጃው ሳይሆን መመለሻው ነው፤ ያን ጊዜ ኪስ ውስጥ ገንዘብ አለና። በባዶው ጋሪ ደግሞ ለባለ ሱቆች የሚሆን ዕቃ ጭነው ይመለሳሉ።

ሻንደን ሲደርሱ በርሜሏ ትመዘናለች፣ ከዚያም ወደ መርማሪው ትሄዳለች። መርማሪው ረጅም ባዶ ሆድ ያለው የብረት መውጊያ እስከ በርሜሉ ታች ድረስ ይሰድና ከላይ እስከ ታች ያለውን ቅቤ በአንድ ጊዜ ስቦ ያወጣዋል። ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ይቀምሰዋል። ከላይ ጥሩ ቅቤ አድርጎ ከሥር የተበላሸውን መደበቅ እዚህ ላይ ያበቃል። የትኛው መርማሪ የማንን ቅቤ እንደሚያይ በዕጣ ስለሚለይ የበርሜሏ ባለቤት ማን እንደሆነ አያውቅም። ደረጃው ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ሲሆን፣ የተሰጠው ደረጃ በራሱ በበርሜሉ ላይ ይታተማል። ከስካርታግሊን ኮረብታ የወረደ ጭሰኛ ልፋቱ ሦስተኛ ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የኪራዩ ቀን አይለወጥም።

በ1853 ከማሎ ኪላርኒ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ በሚልስትሪትና በራትሞር አልፎ ተዘረጋ፤ ቅቤውም ከፈረስ ወደ ባቡር ተሸጋገረ። በአየርላንድ የመንገድ ኬላዎችም በዚያው አሥርት ዓመት ቀሩ። ከ1880ዎቹ ወዲህ ደግሞ በፋብሪካ የሚመረተው የዴንማርክ ቅቤ የእንግሊዝን ገበያ ያዘ፤ የኮርኩ ገበያ እየመነመነ ቆይቶ በ1924 ተዘጋ።

የመንግሥት መሐንዲስ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአየርላንድ የትኛው መንገድ ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ግራንድ ጁሪ የሚባለው የአውራጃ ባለርስቶች ሸንጎ ነበር። ከዚያ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ደብር በዓመት ስድስት ቀን ያለ ክፍያ መንገድ የመሥራት ግዴታ ነበረበት፤ ይህ የማይወደድ ሥራ በ1760ዎቹ ቀርቶ በገንዘብ ተተካ። ሸንጎው ያሠራቸው መንገዶች ብዙዎቹ እጅግ ጥሩ እንደነበሩ በ1770ዎቹ አገሩን የጎበኙ እንግሊዛውያን ሳይቀሩ መስክረዋል። ጥሩዎቹ መንገዶች ግን ባለርስቱ በሚኖርበት በኩል ይበዙ ነበር። የሽሊቭ ሉኽራ ባለርስቶች አብዛኞቹ እዚያ አይኖሩም ነበርና አካባቢው ከቅቤ መንገድ በስተቀር ተረስቶ ቀረ።

አካባቢው ለመንግሥት ትዝ ያለው ሲያምፅ ነው። በ1821 ካፒቴን ሮክ በሚባል ምናባዊ አለቃ ስም የሚንቀሳቀሱ ጭሰኞች በሌሊት የባለርስት ወኪሎችን ማጥቃት፣ የጦር መሣሪያ መንጠቅና ቤት ማቃጠል ጀመሩ። በዚያው ዓመት ዝናቡ በዝቶ ድንቹ ተበላሸ፤ በ1822 ረሃብ ገባ። መንግሥት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመመለስ መሐንዲሱን ሪቻርድ ግሪፍዝን ላከ። ለተራበው ሥራ ይስጥ፣ ለወታደሩም መንገድ ይክፈት ተብሎ ነው። ግሪፍዝ (1784–1878) በኋላ የአየርላንድን የጂኦሎጂ ካርታ ያዘጋጀና የአገሪቱን መሬትና ቤት ሁሉ ያስገመተ ሰው ነው፤ በዚህ አካባቢ የሚታወሰው ግን በመንገዶቹ ነው።

ከኒውማርኬት ወደ ሊስቶልና ከኒውካስል ዌስት ወደ ካስልአይላንድ የዘረጋቸው ሁለት መስመሮች በአቢፌል ይገናኛሉ። የእሱን መንገድ ከመርፊው ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ግሪፍዝ ኮረብታን አይጋፈጥም፤ ወገቡን ይዞ ይዞራል። ድልድዮቹ ከጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም ከባድ መኪና ይሸከማሉ። ረግረግ ሲያጋጥም ግራና ቀኙ አስቀድሞ ይቆፈርና ውሃው ይወርዳል፣ ጭራሮ በጥቅል ይነጠፋል፣ በላዩ አፈርና ጠጠር ይደለደላል። እንዲህ ያለ መንገድ መሬት ላይ ያረፈ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ነው። ከጊዜ ብዛት አንዳንዱ ቦታ ይሰጥማል፣ አንዳንዱ ይቀራል፤ ዛሬ በመኪና የሚያልፍበት ሰው ጀልባ ላይ የተቀመጠ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል።

ግሪፍዝ ለመንግሥት በላከው ሪፖርት፣ ከመንገዶቹ በፊት በአካባቢው ጋሪ እምብዛም እንዳልነበረና ቅቤው በፈረስ ጀርባ እንደሚወጣ፣ ከመንገዶቹ በኋላ ግን ጋሪ መበራከቱንና ዓመፁም መርገቡን ገልጿል። የራሱን ሥራ የሚያሞግስ ባለሥልጣን ቃል መሆኑ ባይረሳም ስለ ጋሪው ያለው ትክክል ነው። በ1830ዎቹ ደግሞ የዘውዱ ይዞታ በነበረ መሬት ላይ ኪንግዊልያምስታውን የተባለ አርአያ መንደር ተቆረቆረ። በንጉሥ ዊልያም አራተኛ ስም የተሰየመው ይህ መንደር አየርላንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ስሙ ተቀይሮ ባሊዴዝመንድ ተባለ። በ1583 ተሳዶ የተገደለው መስፍን ማዕረግ በንጉሡ ስም ቦታ ገባ ማለት ነው።

የረሃብ ሥራ

ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ አየርላንድን ሲመታ መንግሥት ዳግመኛ ወደ መንገድ ሥራ ዞረ። በ1847 መጀመሪያ ላይ በመላ አገሪቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ ኮረብታ ይቆርጣሉ፣ ጉድጓድ ይሞላሉ። ክፍያው በተሠራው ሥራ መጠን ነበርና በረሃብ የደከመ ሰው የሚያገኘው እጅግ ያነሰ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ሥራው ማንንም ግለሰብ ለይቶ እንዳይጠቅም ሕጉ ስለሚከለክል እርሻ ማሻሻል አልተቻለም፤ ስለዚህ ማንም የማይፈልገው መንገድ መሥራት ሕጋዊው ምርጫ ሆነ። በ1847 ጸደይ ሥራው ተቋርጦ በሾርባ እደላ ሲተካ ብዙው መንገድ በጅምር ቀረ።

ዛሬ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ድንገት የሚያበቃ፣ ሣር የለበሰ መንገድ ያየ ሁሉ የረሃብ መንገድ ነው ይላል። ይህ አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ብዙዎቹ ማገዶ ወደሚቆረጥበት ረግረግ የሚያደርሱ ተራ መንገዶች ናቸው፤ የሚያበቁትም ረግረጉ ስለሚጀምር ነው።

ረግረጉ ራሱ መንገድ የዘጋበት ጊዜም አለ። ዲሴምበር 28 ቀን 1896 ከንጋት በፊት፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ፣ በግኒቭጊላ አጠገብ ያለው ረግረግ ተሰንጥቆ እንደ ጎርፍ ወረደ። በመንገዱ ላይ የነበረ አንድ ቤት ስምንት ሰዎችን እንደያዘ ተጠርጎ ሄደ፤ ከቤተሰቡ የተረፈችው በዚያ ሌሊት ሌላ ቤት ያደረች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ጥቁሩ ጭቃ መንገዶችን ቀብሮ በወንዞቹ በኩል እስከ ኪላርኒ ሐይቆች ደረሰ።

የእግር መንገዶች

ከአውራ ጎዳናዎቹ በታች ሌላ መረብ አለ፤ በመንግሥት መዝገብ ብዙም ቦታ የለውም። የቅዳሴ መንገዶች የሚባሉት ከየቤቱ ተነሥተው በማሳ ውስጥ፣ በአጥር መሻገሪያና በጅረት ላይ በተጋደመ ድንጋይ አልፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። የካቶሊክ እምነት በሕግ በታፈነበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅዳሴው በሜዳ ላይ፣ በአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ይካሄድ ነበርና አንዳንዶቹ መንገዶች የሚያመሩት ወደዚያ ነው። የማሳው ባለቤት ቢለወጥም መንገዱን መዝጋት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። መኪና ከገባ ወዲህ ግን የሚሄድባቸው ጠፍቶ ብዙዎቹን ቁጥቋጦ ውጧቸዋል።

ከራትሞር በስተ ደቡብ፣ ፓፕስ ከሚባሉት መንታ ተራሮች ሥር፣ በሽሮን ደግሞ ከክርስትና በፊት የነበረ እንደሆነ የሚታመን ክብ የድንጋይ ቅጥር አለ። በሜይ 1 ቀን ሕዝቡ እየጸለየ ይዞረዋል፣ ከጸበሉም ይጠጣል። ቀድሞ ከብቶችም በዚያ ዕለት ይነዱለት ነበር፤ ለዓመቱ ከበሽታ እንዲጠበቁ።

መስቀለኛው

በአየርላንድ ገጠር ቤቶች በመንደር ተሰባስበው ሳይሆን በየማሳቸው ተበታትነው ነው የሚገኙት። የተበታተነ ሕዝብ መገናኛ ያስፈልገዋል፤ መስቀለኛ መንገድ ይህን ሰጠ። አንድ ደህና መስቀለኛ ሱቅ፣ መጠጥ ቤት፣ የአንጥረኛ ጋጣና የውሃ ቧንቧ ይኖረዋል፤ ከ1954 ወዲህ ደግሞ ብዙ ቦታ የድንግል ማርያም ሐውልት ቆሟል፤ ያ ዓመት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ዓመት ተብሎ የተከበረ ነበርና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶች እዚያ ቆመው ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወሩ ይወራረዳሉ፤ ፖሊስ ብቅ ሲል ሁሉም ስለ አየሩ ሁኔታ ያወራሉ።

በ1889 በሊመሪክ አውራጃ፣ በድሮምኮሎኸር የመጀመሪያው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ወተት ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ መስቀለኛው አዲስ ሥራ አገኘ። ቅቤ መናጥ ከቤት ወጥቶ ወደ ጣቢያ ሄደ፤ ጣቢያዎቹም ለሁሉም እንዲቀርቡ ብዙ ጊዜ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ይሠሩ ነበር። በየማለዳው በአህያ ወይም በፈረስ ጋሪ ወተት የጫነ ሁሉ ይሰለፋል። ወተቱ ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰድለታል፣ በማሽን ቅባቱ ይለያል፤ ቅባቱ የወጣለት ወተት ለጥጃና ለአሳማ እንዲሆን ለባለቤቱ ይመለሳል። ወረፋው ሲረዝም ማንም አይቸኩልም። ማን ታመመ፣ ማን ከአሜሪካ ደብዳቤ ደረሰው፣ የማን በሬ በኖክናግሪ ገበያ ስንት አወጣ የሚለው የሚታወቀው እዚያ ነው። ሴቶቹ ግን በዚህ ለውጥ የጎዳቸው ነገር አለ፤ ቅቤ መሥራት የእነሱ ሙያ ነበር፣ የወተቱ ሒሳብ ግን በወንዶቹ እጅ ገባ።

ጭፈራው

የመስቀለኛው ስም በይበልጥ የሚነሣው በጭፈራ ነው። በበጋ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። መሬቱ ጠጠር ስለሆነ ሳንቃ ገጥመው ትንሽ መድረክ ያዘጋጃሉ፤ አንዳንዴም በር ከማጠፊያው ይነቀላል። የጫማ ተረከዝ የሚያሰማው ምት የሙዚቃው አካል ነውና እንጨቱ የግድ ነው። በሽሊቭ ሉኽራ የሚጨፈረው በዋናነት ፖልካና ስላይድ የሚባሉት ፈጣን ስልቶች ሲሆኑ፣ አራት ጥንዶች ፊት ለፊት ቆመው ቦታ እየተለዋወጡ ይጨፍሩታል። በሌላው አየርላንድ ሪል የሚባለው ስልት ሲገን እዚህ ፖልካው ጸንቶ የቀረው ዜማው ከተረከዙ ምት ስላልተለየ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ዜማዎች የሚጠሩትም በመንደርና በመስቀለኛ ስም ነው።

ሙዚቃውን ከቤት ቤት ያዳረሰው ቫዮሊኒስቱ ፖድሪግ ኦኪፍ (1887–1963) ነው። በካስልአይላንድ አቅራቢያ በግላውንታን የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ በ1920 ከሥራው ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ መንገዱንም አቋራጩንም በእግሩ እየሄደ፣ በየገበሬው ወጥ ቤት ቫዮሊንና አኮርዲዮን እያስተማረ ኖረ። ኖታ ማንበብ ለማይችሉ ተማሪዎች የራሱን አጻጻፍ ፈጠረ፤ በመስመሮቹ መካከል ያሉት አራት ክፍተቶች የቫዮሊኑ አራት ክሮች ናቸው፣ በውስጣቸው የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የትኛው ጣት እንደሚጫን ያሳያል። ከተማሪዎቹ መካከል የታወቁት ወንድምና እኅት ዴኒስ መርፊና ጁሊያ ክሊፎርድ ናቸው፤ ቢቢሲ በ1952 ሦስቱንም ቀድቷቸዋል።

ካህናቱ ጭፈራውን አልወደዱትም። የአየርላንድ ጳጳሳት በ1925 የጭፈራን አደጋ የሚዘረዝር መግለጫ አውጥተው በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አድርገዋል፤ በ1935 ደግሞ የሕዝብ ጭፈራ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳይካሄድ የሚከለክል ሕግ ወጣ። መስቀለኛውን የገደለው ይህ ሕግ ነው እየተባለ በብዙ ቦታ ይጻፋል። ሕጉ ግን ቃል በቃል የሚመለከተው ሕንፃን፣ ግቢንና ሌላ የታጠረ ቦታን ነው፤ አራት በኩል የተከፈተ መስቀለኛ በዚያ አይጠቃለልም። ጉዳቱ የመጣው በሌላ በኩል ይመስላል። ካህንና ፖሊስ ሕጉን ከቃሉ አልፈው ተጠቀሙበት፣ ደብሮች ፈቃድ ያለው አዳራሽ ሠርተው የመግቢያ ገንዘብ ማስከፈል ጀመሩ፣ ወጣቱ ደግሞ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ሌላም የተሳሳተ ነገር በየቦታው ይደገማል። የአገሪቱ መሪ ኤሞን ደ ቫሌራ ማርች 17 ቀን 1943 በሬዲዮ ባደረገው ንግግር በመስቀለኛ መንገድ የሚጨፍሩ ልጃገረዶችን አወድሷል እየተባለ ይቀለድበታል። በንግግሩ ልጃገረዶች ተጠቅሰዋል፤ ጭፈራም መስቀለኛም ግን የለም።

ደፈጣ

ከ1919 እስከ 1921 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተካሄደው የነጻነት ጦርነት ለወታደር ተብለው የተሠሩት መንገዶች በወታደሩ ላይ ዞሩ። ተዋጊዎቹ በሌሊት መንገዱን በቦይ ይቆርጡታል፣ ድልድይ ያፈርሳሉ፣ ዛፍ ይጥላሉ፤ ሠራዊቱ በማግስቱ ነዋሪውን አስገድዶ ያስሞላዋል። ማርች 5 ቀን 1921 በክሎንባኒን፣ ከማሎ ወደ ኪላርኒ በሚወስደው መንገድ ላይ በተጣለ ደፈጣ ብርጋዴር ጄኔራል ሃንዌይ ካሚንግ ተገደለ። ሜይ 4 ቀን ደግሞ በራትሞር አጠገብ ባለው የረግረግ መንገድ ስምንት ፖሊሶች ተገደሉ። የመንገድ ውጊያ ለአገሬው ሰው የሚመቸው ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ባዕዱ የሚያውቀው መንገዱን ብቻ ሲሆን ተወላጁ ወደ መንገዱ የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን አቋራጮች ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ

በ1937 የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ሕፃናት ከሽማግሌዎች ታሪክ እየጠየቁ በደብተር እንዲጽፉ አደረገ፤ ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ሲወስድ ወደ 5,000 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተካሂዷል። ለመምህራን ከተሰጡት ርእሶች አንዱ የአካባቢ መንገዶች የሚል ነበር። ልጆቹ የትኛው መንገድ በማን ዘመን እንደተሠራ፣ ለቀን ሠራተኛው ስንት ይከፈል እንደነበር፣ በየትኛው መስቀለኛ በሌሊት ምን ታየ እንደሚባል ጽፈዋል። ደብተሮቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ፤ ስለ አንድ መንገድ ከምሕንድስና መዝገብ የማይገኝ ብዙ ነገር አለባቸው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከብት ንግድ ከመንደር ሜዳ ወደ ታጠረ የጨረታ ገበያ ሲዛወር የኖክናግሪ ገበያ ቀረ። ወተቱንም መኪና ከየበረቱ እየዞረ መሰብሰብ ሲጀምር የመስቀለኛ ጣቢያዎቹ ተዘጉ፤ አንዳንዶቹ መጋዘን ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ ጣሪያቸው ወድቋል። ዋናው መኪና የሚሄደው ኤን 72 በሚባለው የማሎና የኪላርኒ ጎዳና ነው። ትንንሾቹ መንገዶች አስፋልት ቢለብሱም ስፋታቸው አልተጨመረም፤ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መካከላቸው ላይም ሣር ይበቅላል። የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ አጥር ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ድረስ ወፎች ጎጆ ስለሚሠሩበት መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

አየርላንድ የፖስታ ኮድ ያገኘችው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት የገጠር ቤት አድራሻ የነዋሪው ስም፣ የቦታው ስምና የቅርቡ ከተማ ብቻ ነበር፤ እንግዳ የሚመራውም በመስቀለኛዎቹ ስም ነው። የመንገድ መሐንዲሶች ደግሞ አሮጌውን መስቀለኛ አይወዱትም። አራት ክንድ ያለው መገናኛ አደጋ ይበዛበታል በማለት በየቦታው አንዱን ክንድ ጥቂት ሜትር ገፋ አድርገው ሁለት ባለ ሦስት መንገድ መገናኛዎች ያደርጉታል። እንዲህ ከተደረገ በኋላም የአካባቢው ሰው በቀድሞ ስሙ መስቀለኛው እያለ ይጠራዋል።